ገና ከድክ ድክ ባይ ልጅ ጋር፦ በዓሉ ደሴ፣ ጥምቀት መርሳ (የመስመር ላይ ውይይት፤ ከየመልእክቱ በላይ ያለው የጻፊው መጠሪያ ነው)

ቧንቧ ውኃ
እንዴት ሰነበታችሁ ወገኖች። ልጃችን አንድ ዓመት ከአራት ወሩ ነው። ድክ ድክ ይላል፣ ያገኘውን ሁሉ አፉ ይከታል፣ ጡት ይጠባል፣ የቤት ምግብም ይበላል። ገናን የምንውለው ደሴ ቤታችን ነው፤ ዶሮ ይሠራል፣ የሰፈር ቅርጫ ገብተናል፣ ቡናውም ከጠዋት እስከ ማታ አይነሣም። ጎረቤቶቻችን ግማሹ ሙስሊም ግማሹ ክርስቲያን ነን፤ ልጁም ከቤት ቤት ሲዞር ይውላል። ጥር 1 ለአያቶቹ ወደ መርሳ እንወርድና ጥምቀትን እዚያው ውለን እንመለሳለን።

የምጠይቀው ይሄ ነው። ሌላ ምግብ ሳልሠራ ከዶሮው እንዴት አድርጌ ላብላው? ከቅርጫው፣ ከጠላው፣ ከፈንዲሻው፣ ከከሰሉ በእውነት የሚያሰጋው የትኛው ነው፣ የትኛውስ ወሬ ነው? ለመንገዱና ለመርሳ ምን ልያዝ? ምክንያቱንም አብራችሁ ንገሩኝ፤ አማቴ «ለምን?» ማለት ይወዳሉ።

ወርቅ ምጣድ
አብሽሪ፣ ከምግቡ እንጀምር። ለልጁ ለብቻ ማብሰል አያስፈልግም፤ ድርሻው ከድስቱ የሚወጣበትን ሰዓት ማወቅ ነው። ሰዓቱም በርበሬው ከመግባቱ በፊት ነው።

ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ቀይ ሽንኩርት ይከተፋል እንበል። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት፣ ውኃ ጠብ እየተደረገበት ሲቁላላ ቆይቶ ቡናማ ሲሆንና ሲልም (በከሰል አንድ ሰዓት አካባቢ ይፈጃል) ሦስት ጭልፋ ቀንሰሽ ትንሽ ድስት ውስጥ አድርጊ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ጨምረሽ አንድ ታፋ ክተቺበት። ከዚያ የትልቁ ድስት በርበሬ ይግባ። ማማሰያውን ግን ለይው፤ በአንድ ማማሰያ ከቀዩ ወደ ቢጫው ሲመላለሱ አልጫው ቀስ እያለ ይቀላል።

ብዙ ቤት የሚደረገው ሌላ ነው፦ ከቀዩ ወጥ አንድ ብልት ይወጣና በውኃ ታጥቦ ለልጁ ይሰጣል። ይሄ አይሠራም። የበርበሬው የሚያቃጥል ነገር በቅቤ እንጂ በውኃ አይሟሟም። ውኃው ቀለሙን ያጥባል፣ ቃጠሎው ግን ሥጋው ላይ እንዳለ ይቀራል። ልጁ አንዴ አፉን ካቃጠለው ደግሞ ለሁለት ለሦስት ቀን ሥጋ ሲያይ ፊቱን ያዞራል።

ጨው ላይ ደግሞ ልብ በይ። ዶሮው በሎሚና በጨው ታሽቶ ነው የሚቆየው፤ የልጁን ታፋ መጨረሻ ላይ በንጹሕ ውኃ አለቅልቂው፣ ጨው የምትጨምሪውም ድስቱ ሲወርድ በሁለት ጣት ቁንጣሪ ብቻ። የአዋቂ ምላስ «አልጫው ጣዕም የለውም» ካለ ለልጁ ልክ ነው ማለት ነው።

የሐበሻ ዶሮ ከሆነ ታፋው አንድ ሰዓት ተኩል ይፈልጋል፤ በፕሬዠር ድስት 30 ደቂቃ ይበቃዋል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናትና ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ቆላ ላይ በ10 ደቂቃ የሚበስል እንቁላል እዚህ 14 እና 15 ደቂቃ ይወስዳል። ለልጅ አስኳሉ ውኃ ያለው እንቁላል አይሰጥም፣ እስኪደርቅ ይቀቀል።

ሥጋው ሲበስል ከአጥንቱ ለይተሽ በጣትሽ በደንብ ቃኚው። ታፋው ከነቅልጥሙ ከሆነ፣ ከቅልጥሙ ትልቅ አጥንት አጠገብ መርፌ የምታህል ቀጭን አጥንት አለች፤ እሷ ናት የምታስቸግረው። ክንፍና አንገት ለዚህ ዕድሜ አይሰጡም። ሥጋውን በእጅሽ ተልትለሽ፣ እንጀራውን በአልጫው መረቅ ፍትፍት አድርገሽ፣ ግማሽ እንቁላል ፍቂበት። መጠኑ በዚህ ዕድሜ በአንድ ማዕድ ከሩብ ሊትር ስኒ ሦስት አራተኛው እስከ ሙሉው ነው፤ በቀን ሦስት አራቴ፣ መሐል ላይ አንድ ሁለቴ መክሰስ። ሆዱ ትንሽ ስለሆነ በዓል ነው ብሎ አንዴ ማጥገብ ትርፉ ማስታወክ ነው።

ሌላው፣ እንግዳ ከመቀመጡ በፊት ይብላ። መሶብ ከቀረበ በኋላ ሁሉም እያነሣ ያጎርሰዋል፤ ምን እንደበላ የሚያውቅ የለም።

ጾሙንም አትርሺ። ከኅዳር 15 ጀምሮ ቤቱ ጾመኛ ነው፣ ልጁ ግን ጾመኛ አይደለም፤ ከሰባት ዓመት በታች አይጾምም። ነገር ግን «ዕቃው ይነካል» እየተባለ ስንቱ ሕፃን ወር ተኩል ሙሉ እንቁላልና ወተት ሳያይ ይከርማል። ለሱ አንድ ትንሽ ድስት፣ አንድ ማንኪያ፣ አንድ ሳህን ለይተሽ ለብቻው መደርደሪያ ላይ አስቀምጪ፤ የጾም ዕቃው አይነካም፣ ልጁም አይጎዳም። በዓሉ ሳምንት ሲቀረው በየቀኑ አንድ እንቁላልና ትንሽ ቅቤ ካለመድሽው የገና ዕለት ሆዱ አይላላም።

ነርስ ከኮምቦልቻ
የምግቡን ነገር ወርቅ ምጣድ ጨርሳዋለች። እኔ «የሚያሰጋው የትኛው ነው» የሚለውን ልመልስ፤ በቅደም ተከተል ከሆነ ትኩስ ነገር፣ ከሰል፣ ትንታ፣ ከዚያ ጠርሙስ ነው።

ትኩስ ነገር፦ ቡና የሚፈላው መሬት ላይ ነው፤ ይሄ ማለት ጀበናው በትክክል በልጁ እጅ ቁመት ላይ ነው። ማንደጃውን በር አጠገብ ወይም ክፍሉ መሐል አታድርጊው። ሁለት ግድግዳ የሚገናኝበት ጥግ ላይ ይሁን፣ አፍይዋ ከፊት ትቀመጥ፣ በጎኗ በኩል አግዳሚ ወንበር ይዘርጋ። የጀበናው አንገት ረጅም ስለሆነ በትንሽ ንክኪ ይወድቃል። የረከቦቱ ጨርቅ ወደታች የሚንጠለጠል ከሆነ ልጁ ይጎትተዋል፣ ሲኒው ከነቡናው ይመጣል፤ ጨርቁን በዚያ ቀን ማንሣት ነው። የዶሮ ወጡም ድስት ቢሆን ሲወርድ መሬት ላይ አይቀመጥ።

ቃጠሎ ከደረሰ ወዲያው ልብሱን አውልቀሽ (ከተጣበቀ ተዪው) በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ 20 ደቂቃ። ቧንቧው ከሌለ ከጀሪካን በቀስታ እያፈሰሱ። 20 ደቂቃ ረጅም ነው፣ ልጁም ያለቅሳል፤ ግን ቃጠሎው ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ የሚያቆመው እሱ ነው። የቀረው ሰውነቱ እንዳይበርደው በጋቢ ጠቅልሉት። ቅቤ፣ እንቁላል፣ ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የቡና አተላ አይቀባም፤ ሙቀቱን አፍነው ያቆዩታል፣ ቁስሉንም ያመረቅዛሉ። ከራሱ መዳፍ የሚበልጥ ከሆነ፣ ወይም ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ ብልት ላይ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ፦ አመድ የለበሰ ፍም። ከማንደጃውና ከዕጣን ማጨሻው ግቢ የሚደፋው አመድ የሞተ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ለሰዓታት ይቆያል። ሲደፋ ውኃ ይፈስበት።

ከሰል፦ ደሴ በታኅሣሥ ሌሊት ምን ያህል እንደሚበርድ ለናንተ አልነግርም። ማንደጃ መኝታ ቤት ማስገባት የሚመጣው ከዚያ ነው። «ውጭ ተቀጣጥሎ ቀይ ከሆነ በኋላ ጭሱ አልቋል፣ አይጎዳም» የሚባለው ሐሰት ነው። የሚገድለው ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል፤ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ቀይ ፍምም ያወጣዋል። ልጅ ከአዋቂ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድብታ ከተሰማችሁ ሁላችሁም ወደ ውጭ፤ ልጁ ከወትሮው የተለየ እንቅልፍ ከያዘው ወደ ሐኪም። ለብርዱ ደረብ አድርጎ ማልበስ ይበቃል፦ ከአዋቂው አንድ ልብስ የበለጠ፣ ካልሲ፣ ሲነቃ ኮፍያ። አልጋውን በሙቅ ውኃ ጠርሙስ ማሞቅ ይቻላል፤ ልጁ ከመተኛቱ በፊት ግን ጠርሙሱ ይውጣ።

ትንታ፦ ፈንዲሻ፣ ቆሎ፣ ለውዝ፣ ድፍን ከረሜላ እስከ አራት ዓመት አይሰጥም። ፈንዲሻ ቀላል ስለሆነ አይመስልም፤ ግን በሳቅ መሐል በትንፋሽ ተስቦ ወደ ሳንባ ይገባል፣ ቅርፊቷም እዚያው ትጣበቃለች። ቄጤማ ላይ ፈንዲሻ መበተን ያምራል፤ በዚህ ዓመት ሰፌድ ላይ ሆኖ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ። ቄጤማ ውስጥ የገባ ፈንዲሻ ተጠርጎ አያልቅም፣ ልጁ ግን አንድ በአንድ ያገኘዋል። ቄጤማውንም ከመጎዝጎዝሽ በፊት አራግፊው፤ እሾህና ሽቦ ይዞ ይመጣል።

ትን ካለውና እየሳለ፣ እያለቀሰ ከሆነ አትንኩት፣ ይሳል። ድምፅ ካጣ፣ ፊቱ ከጠቆረ፦ ሆዱን በክንድሽ ወይም በጭንሽ ላይ ደፍተሽ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርገሽ በመዳፍሽ ግርጌ በትከሻዎቹ መሐል አምስት ጊዜ ምቺው። ካልወጣ ከኋላው ሆነሽ ከእምብርቱ በላይ፣ ከጎድን አጥንቱ በታች በጡጫ ወደ ውስጥና ወደ ላይ አምስት ጊዜ። እየቀያየርሽ ቀጥዪ። (ዓመት ያልሞላው ከሆነ ሆድ አይጫንም፤ የሚጫነው ደረቱ መሐል ነው።) የማይታይ ነገር ፍለጋ ጣት ጉሮሮ ውስጥ አይገባም፣ ይበልጥ ይገፋዋል። ውኃም አይጠጣም።

ጠርሙስ፦ በበዓል ሰሞን አረቄ በሃይላንድ ይገዛል፣ በረኪና በለስላሳ ጠርሙስ ይቀመጣል። ሁለቱም ውኃ ይመስላሉ። አረቄ ለዚህ ዕድሜ ጥቂት ጉንጭ እንኳ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ጥሎ ራሱን ሊያስተው ይችላል። በረኪና ከጠጣ ደግሞ አታስታውኪው፤ ሲወርድ ያቃጠለው ሲመለስም ያቃጥለዋል። ጠርሙሱን ይዘሽ ወደ ሐኪም ቤት ሂጂ።

ወሬ የሆነው ደግሞ «ጥርሱ ሳይሞላ ሥጋ አይፈጭለትም» የሚለው ነው። ሥጋው እስከደቀቀ ድረስ ከስድስት ወሩ ጀምሮ ይበላል፤ ደም የሚሆነውም እሱ ነው።

ሐረጎ
አይ እናንተ ሰዎች! ልጅ እኮ በርበሬ ሳይለምድ ወሎዬ አይሆንም 😀 ጠላም ቢሆን ጣት ነክሮ ማስላስ ምን ያደርገዋል? ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። ትኩስ ጉበት ደግሞ ደም ይሆነዋል።

ነርስ ከኮምቦልቻ
በርበሬው ላይ አልጣላህም ሐረጎ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ጥቂት በጥቂት ይለምደዋል። ጠላው ላይ ግን እጣላለሁ። ችግሩ አንዷ ጣት አይደለችም፤ በበዓል ቀን ዐሥር እንግዳ ዐሥር ጣት ነው፤ ማንም የሌላውን አልቆጠረም። ለልጅ «ይሄን ያህል አይጎዳውም» የሚባል መጠን የለም።

ጉበት ደም ይሆናል ያልከው እውነት ነው፣ ብረት አለበት። ግን ይብሰል። የቅርጫ ጥሬ ሥጋ ኮሶ ያመጣል፤ ኮሶ ታክሞ ይድናል። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ላይ ይበልጥ የሚከፋው ሥጋው ሲገፈፍና ሲከፋፈል ከአንጀቱ የሚነካው ባክቴሪያ ነው፤ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያስከትላል፣ አንዳንዴም ኩላሊት ይጎዳል። ክትፎ ለብ ለብ ቢልም መሐሉ ጥሬ ነው። ዱለትም እንዲሁ።

ይሄን ካነሣን አይቀር፦ በግ ሲታረድ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውኃ የያዘ ነጭ ከረጢት ብታዩ ለውሻ አትጣሉት፤ ይቀበር ወይም ይቃጠል። ውሻው ከበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድግና እንቁላሉ ከፀጉሩ ወደ ልጁ እጅ፣ ከእጁ ወደ አፉ ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ ልጁ ጉበት ላይ ያው ከረጢት ይወጣል።

ከድጃ ሰኞ ገበያ
የጎረቤቱን ነገር እኔ ልበል፤ በኛ በኩልም በዒድ ያው ስለሆነ።

ልጁ ከቤት ቤት መዞሩ አይቀርም፤ መከልከልም አያምርም። መከልከል ያለበት ባዶ እጁን መዞሩ ነው። የራሱን ትንሽ ሳህንና ክዳን ያለው የውኃ ኩባያ ይያዝ፤ ውስጡ የተቆረጠ ድፎ ዳቦና የተላጠ ሙዝ አድርጊለት። ጎረቤት እጁ ላይ ምግብ ካየ ሌላ ለማጉረስ አይጣደፍም። ዳቦው ደረቁን ምላሱ ላይ ስለሚድቦለቦል በወተት ወይም በሻይ ነከር አድርጊው። ዋዜማው ላይ ደግሞ ዞር ብለሽ «ፈንዲሻና ከረሜላ አትስጡብኝ፣ ከኋላው ዐይናችሁን ጣሉልኝ» በይ። በዋዜማ የተነገረ ምክር ነው፤ በበዓሉ መሐል ሲነገር ግን ወቀሳ ይመስላል።

ለኛ ልጆችም በተራሽ። የክርስቲያን ሥጋ እንደማይበሉ ታውቂያለሽ፤ ልጅ ግን አያውቅም፣ አልጫውን አይቶ እጁን ይዘረጋል። ስለዚህ ለሙስሊም ጎረቤት የሚቀርበው በሌላ ትሪ፣ ከሥጋው ርቆ ይቀመጥ፦ ድፎው (እርሾው የጠላ ጉሽ እንዳይሆን)፣ ድንች በካሮት በዘይት የተሠራ፣ ማር፣ ፍራፍሬ። ጭልፋና ቢላዋውም የተለየ ይሁን። ዶሮ ለጎረቤት ማቅመስ ከፈለግሽ ከነሕይወቱ መስጠት ነው፤ ባርከው ራሳቸው ያርዱታል።

ቀሪቦ (የገብስ መጠጥ) ለልጅ «አልኮል የለውም» ተብሎ ይሰጣል። በመጀመሪያው ቀን ቢኖረውም ጥቂት ነው፣ ስኳሩ ግን ብዙ ነው። ከሁለት ቀን በላይ ሞቅ ያለ ቦታ ከቆየ ደግሞ ይበልጥ ይፈላል፤ ምላስ ላይ ሲቆነጥጥ ለልጅ አይሆንም። ጥሙን በውኃ ያርካ። ብርዝም በዚያው ቀን የተበጠበጠ ብቻ።

የሐብሩ ልጅ
ወደ መርሳ ስለመውረዱ ልጨምር።

ከደሴ መርሳ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሐይቅ፣ በውጫሌ፣ በውርጌሳ አልፎ። በሚኒባስ ሁለት ሰዓት ተኩል ያዢ። ጥር 1 የበዓል ተመላሽ ስለሚበዛ መናኸሪያው ይጨናነቃል፤ ጠዋት 12 ሰዓት ከተገኘሽ ወንበር መርጠሽ ትቀመጫለሽ። ከሹፌሩ ጎን ልጅ ታቅፎ መቀመጥ አደጋ ነው፣ መሐለኛው መደዳ ላይ ሁኚ። ቀበቶው ለአንቺ ብቻ ይታሰር። ሁለታችሁን በአንድ ቀበቶ ማሰር ያሳሳታል፤ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ያንቺ ክብደት ልጁን ቀበቶው ላይ ይጨፈልቀዋል።

ከመነሣት አንድ ሰዓት በፊት ቀለል ያለ ቁርስ፣ ለምሳሌ ዳቦና ግማሽ ሙዝ። ቅቤ የበዛበት ገንፎ ለመንገድ አይሆንም። ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ላይ ስለሆነ ሹፌሩ ከቆመ ወርደሽ ዳይፐር የምትቀይሪው እዚያ ነው። ለቅያሪ የሚሆን ልብስ፣ እርጥብ ጨርቅ፣ ሁለት ፌስታል በእጅ ቦርሳሽ ይሁን፤ ጣሪያ ላይ የወጣ ሻንጣ መርሳ እስክትደርሺ አይወርድም።

ልብሱን በተመለከተ፣ ከደሴ በካፖርት የተነሣ ልጅ ውርጌሳ ሲደርስ በላብ ይዘፈቃል። ከላይ ቶሎ የሚወልቅ፣ ከሥር ስስ ጥጥ። ሌሊቱ መርሳም ቢሆን ነፋሻ ነው፣ ግን ደሴ አይደለም፤ ቡልኮ አትጫኝበት።

ዋናው ወባ ነው። ከክረምት መውጫ እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ነው የሚበረታው፤ ጥር ላይ ጋብ ቢልም አይጠፋም። ለእንግዳ የሚደርስ አጎበር በየቤቱ ላይኖር ስለሚችል የራስሽን ይዘሽ ሂጂ፤ አራት ገመድና አራት ሚስማር ጨምሪ። ጫፉ ፍራሹ ሥር ይጠቅጠቅ፣ ልጁም ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ እጅና እግር የሚሸፍን ልብስ ይልበስ። የደሴ ልጅ ቆላ ስላላደገ ወባን የሚቋቋምበት ነገር የለውም።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ተመልሶ ነው። ወባ ከተነከሱ ቢያንስ ሳምንት ቆይታ ነው የምትታየው። ስለዚህ ትኩሳቱ የሚመጣው ደሴ ከገባችሁ በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ደሴ ላይ ደግሞ «ብርድ ነው» ይባላል። በተመለሳችሁ በሁለት ወር ውስጥ ካተኮሰው ያን ዕለት ጤና ጣቢያ ወስደሽ «መርሳ ነበርን» በያቸው፣ ደሙ ይታይ።

ውኃው ይፈላ፤ ወይም ውኃ አጋር የሚባለውን የውኃ ማከሚያ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምረሽ 30 ደቂቃ ጠብቂ። ተቅማጥ ቢይዘው ኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጥ ዱቄት) ሁለት ሦስት ፓኬት ከዚንክ ጋር ያዢ፦ አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር ውኃ ነው፤ በግማሽ ሊትር ከበጠበጡት ጨው ይበዛና ይጎዳዋል፣ ከ24 ሰዓት በኋላም ይደፋል። ባስቀመጠው ቁጥር ከግማሽ ሻይ ብርጭቆ እስከ አንድ ሻይ ብርጭቆ፣ በማንኪያ። ሙቀቱ ስላለ እዚያ የተረፈ ወጥ ለልጁ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ የቆየ አይሰጥ፤ ካሞቅሽ እስኪንተከተክ አሙቂው። ከላም የተቀዳ ወተት ደግሞ ሳይፈላ አይሆንም፣ አያቱ የቱንም ያህል ላሚቱን ቢያምኗት።

እና የ15 ወሩን የኩፍኝ ሁለተኛ ክትባት ወስዷል? ካልወሰደ ከመውረድሽ በፊት ካርዱን ይዘሽ ሂጂ። ጥምቀት ላይ ስንት ሕፃን አንድ ላይ እንደሚተፋፈግ ታውቂዋለሽ።

ቧንቧ ውኃ
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፤ ክትባቱን አላስወጋሁትም ነበር፣ ሰኞ እወስደዋለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። የገና ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ይዤው ልሂድ ወይስ ይቅር? ሌላው አማቴ ናቸው፤ ለልጁ በራሳቸው እጅ ካላጎረሱ በዓል የሆነ አይመስላቸውም። እሳቸውን ሳላስቀይም ይሄን ሁሉ እንዴት ልበል?

ወርቅ ምጣድ
አማትሽን አትከልክያቸው፣ ሥራ ስጫቸው። «እማማ፣ የሱ ድስት በእርስዎ እጅ ይሁን፣ እኔ ትልቁ ላይ ነኝ» በያቸው። ትንሿን ድስት የያዘ ሰው ከሷ ውጭ ማጉረስ አያስፈልገውም፤ ሌላው እንግዳ ከቀይ ወጡ ሊያጎርስ ሲል የሚቆጡትም እሳቸው ይሆናሉ። አጥንቷን እንዲፈልጉ ግን አንዴ አሳያቸው፤ ዐይናቸው ደከም ካለ ሥጋውን አንቺ ተልትለሽ አቀብያቸው። መርሳም ስትደርሱ ድስቷን ይዘሽላቸው ውረጂ።

ነርስ ከኮምቦልቻ
ሌሊቱን በተመለከተ፣ ልጁ ካልሳለና ካላተኮሰው መሄዱ አይጎዳውም። ምሽት በሰዓቱ ተኝቶ፣ ስትወጪ ተኝቶ እንዳለ አዝለሽው ሂጂ። አንቀልባው ላይ ጋቢ ስትደርቢ ከራሱ ላይ አልፎ ፊቱን እንዳይሸፍነው፤ እየመለስሽ በእጅሽ ትንፋሹን እይው። እግሩ ከአንቀልባው ስለሚወጣ ሁለት ካልሲ።

ከብርዱ የሚብሰው ጧፉ ነው። ልጁ ጀርባሽ ላይ ስለሆነ አንቺ አታይውም፤ ከኋላሽ የቆመው ሰው የያዘው ጧፍ ደግሞ በትክክል ፊቱና የነጠላሽ ጥለት ጋ ነው። የነጠላ ዘርፍ በአንድ አፍታ ይያያዛል። ግድግዳ ወይም ዓምድ ተደግፈሽ ቁሚ፣ ወይም ልጁን ወደ ፊት አዙረሽ እቀፊው። ነጠላሽን ከላዩ አታልብሺው፤ የሱፍ ሻርፕ ይሻላል፣ ሱፍ እንደ ጥጥ ቶሎ እሳት አይዝም። ጥምቀት ላይም መርሳ ከሕዝቡ ዳር ያዢ፤ ጠበሉ ይረጭለት፣ ለመጠጣት ግን የቤቱን ኩባያ። ስሙንና ስልክሽን ወረቀት ላይ ጽፈሽ በላስቲክ ጠቅልለሽ ልብሱ ውስጥ በኩል ስፊው፤ እሱ ገና ስሙን አይናገርም።